በተራራማ ባሕር ዳር በቢስክሌት ስለ መጓዝ

ባሕር ዳር ሁሉ ሜዳ አለመሆኑ

የባሕር ውኃ ፊቱ የተስተካከለ ነው። ስለዚህ ባሕርን አይቶ የማያውቅ ሰው፥ በባሕር ዳር የሚሄድ መንገድም እንደ ውኃው የተስተካከለ፥ ዐቀበትና ቍልቍለት የሌለበት ይመስለዋል። ካርታም ሲመለከት መንገዱ ሰማያዊውን ቀለም ተከትሎ እንደ ክር ተዘርግቶ ስለሚያየው፥ ይህ አሳቡ ይጸናበታል። ይሁን እንጂ በምድር ላይ ካሉት የባሕር ዳሮች ብዙዎቹ ተራራ ከውኃ ጋራ የሚገናኝባቸው ናቸው። እንዲህ ባለ ስፍራ በእግሩ ኀይል ብቻ የሚጓዘውን ሰው የሚያደክመው፥ ካርታው የነገረው ርቀት ሳይሆን ካርታው ያልነገረው ከፍታ ነው።

በቢስክሌት ከአገር ወደ አገር የሚጓዙ ሰዎች ይህን ነገር በድካማቸው ተምረውታል። በሜዳ በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብርቱ ሰው፥ በተራራማ ባሕር ዳር 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ ሊመሽበት ይችላል። ይህም የሚሆነው ጕልበቱ ስላነሰ አይደለም፤ መንገዱን በርዝመቱ ብቻ ስለ ለካው ነው። በዚህ ትምህርት በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ያለው መንገድ ለምሳሌ ይቀርባል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

የተባበሩት አሜሪካ መንግሥታት በምዕራብ በኩል ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ ይወሰናሉ። በዚሁ ጠረፍ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዋሺንግተን፥ ኦሪጎንና ካሊፎርኒያ የሚባሉት ሦስት ግዛቶች ተከታትለው ይገኛሉ። ከካናዳ እስከ ሜክሲኮ ወሰን ድረስ ጠረፉን ተከትሎ በቢስክሌት የሚጓዝ ሰው ወደ 3000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በየቀኑ 75 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጕዞው 40 ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ መንገድ ውስጥ የተራራውና የባሕሩ መቀራረብ ይልቁን ጐልቶ የሚታየው ቢግ ሰር በተባለው በካሊፎርኒያ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ካርሜል ከምትባለው ከተማ ጀምሮ ሳን ሲምየን እስከምትባለው መንደር ድረስ ወደ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚያ ያሉት የሳንታ ሉሲያ ተራሮች ከባሕሩ ውስጥ በቀጥታ የወጡ ይመስላሉ። ከተራሮቹ አንዱ ኮን ፒክ የተባለው 1571 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፥ ከባሕሩ እስከ እርሱ ያለው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

በነዚህ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናም ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ አጭር ስለ ሆነ በኀይል ይወርዳል፤ ሲወርድም ዐለቱን እየቦረቦረ ጥልቅ ሸለቆ ያበጃል። በሁለት ሸለቆዎች መካከል ያለው መሬት ደግሞ እንደ አፍንጫ ወደ ባሕር ገፍቶ ይቀራል። ከወደ ታችም የባሕሩ ማዕበል ሌሊትና ቀን የተራራውን እግር እየመታ ይንደዋል። ስለዚህ በውኃው ዳር ለመንገድ የሚሆን ሜዳ አይገኝም። መንገዱ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ የሚቀጥለውን አፍንጫ ለመዞር ይወጣል፤ ከዚያም ዳግመኛ ይወርዳል። ባንዳንድ ስፍራ ከውኃው ፊት ወደ 300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

ይህን በሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ተጓዥ በአንድ ቀን 10 ዐቀበት ቢያገኝና እያንዳንዱ ዐቀበት 100 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፥ ያ ሰው በዚያ ቀን 1000 ሜትር ወጥቷል። ማታ የሚያርፈው ጧት በተነሣበት ከፍታ ላይ ቢሆን እንኳ፥ የወጣውን ሁሉ ስለ ወረደ ነው እንጂ ስላልወጣ አይደለም። እንዲህ ባለ መንገድ 5 ቀን ቢሄድ የወጣው ሲደመር 5000 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከራስ ዳሽን ተራራ ከፍታ ይበልጣል። ካርታው ግን ሰውዬው ከባሕር ዳር አልራቀም ብሎ ይመሰክርበታል።

ስለዚህ አስተዋይ ተጓዥ የከፍታ መስመር የተሣለበትን ካርታ ይፈልጋል። በእንዲህ ያለው ካርታ ላይ ቀጫጭን መስመሮች እኩል ከፍታ ያላቸውን ስፍራዎች እያገናኙ ይሄዳሉ። መስመሮቹ ተራርቀው ቢታዩ ምድሩ ዝርግ ነው፤ ተቀራርበው ቢታዩ ምድሩ ገደላማ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የሚታዩት ካርታዎችም የመንገዱን ዐቀበትና ቍልቍለት በሜትር ደምረው የሚያሳዩበት ጊዜ አለ።

ስለ መንገዱ አሠራርና ስለ ናዳ

በቀድሞ ዘመን በቢግ ሰር ይኖሩ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ወደ ከተማ የሚወጡበት መንገድ በዝናም ወራት የማይታለፍ ነበር። በ1919 በዚያ ጠረፍ አዲስ መንገድ መሠራት ተጀመረ። ተራራው በድማሚት እየተሰበረ፥ ገደሉ እየተቈረጠ፥ ሥራው 18 ዓመት ፈጅቶ መንገዱ በ1937 ተከፈተ። ከሠራተኞቹም መካከል እስረኞች ነበሩ፤ እነርሱም በሠሩበት መጠን የእስራታቸው ዘመን ይቀነስላቸው ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ድልድዮች ስሙ የታወቀው ቢክስቢ የተባለው በ1932 የተፈጸመው ነው። ድልድዩ በሲሚንቶ የተሠራ አንድ ታላቅ ቅስት አለው፤ ርዝመቱ 218 ሜትር ያህል፥ ከወንዙ ወለል ያለው ከፍታ ደግሞ ወደ 80 ሜትር ያህል ነው። ድልድዩ ባይሠራ ኖሮ መንገዱ ወደ ሸለቆው ወርዶ በማዶው እንደ ገና መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር። እንግዲህ ድልድይ ውኃ ማሻገሪያ ብቻ አይደለም፤ በእግሩ ለሚሄድና ቢስክሌት ለሚነዳ ሰው ዐቀበትን የሚያስቀር ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ሰው ከተራራ ጐን ቈርጦ ያወጣውን መንገድ ተራራው አንዳንድ ጊዜ መልሶ ይወስደዋል። በ2017 ብዙ ዝናም ከዘነበ በኋላ መድ ክሪክ በተባለው ስፍራ ተራራው ተንዶ 400 ሜትር ያህል መንገድ ቀበረ፤ ናዳውም ወደ ባሕሩ ገብቶ አዲስ መሬት ሠራ። መንገዱ በ2018 እስኪከፈት ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ቈየ። በ2021 ደግሞ ራት ክሪክ በተባለው ስፍራ፥ ባለፈው ዓመት እሳት ከበላው ተራራ ላይ ጭቃና ግንድ ከጐርፍ ጋራ ወርዶ 45 ሜትር ያህል መንገድ ቈርጦ ወደ ባሕር ጣለ። ዛፍና ቍጥቋጦ የተቃጠለበት ምድር ሥሩ የሚይዘው ስለሌለ በዝናም ፈጥኖ ይናዳል።

ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ተጓዥ ካርታ መያዝ ብቻ አይበቃውም። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመነሣቱ አስቀድሞ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ቢሄድና መንገዱ ተቈርጦ ቢያገኘው፥ በመኪና የሚሄድ ሰው በጥቂት ሰዓት ተመልሶ በሌላ በኩል ይዞራል፤ በቢስክሌት የሚሄድ ሰው ግን ያንን የወጣውን ዐቀበት ሁሉ ተመልሶ በእግሩ ኀይል ይከፍለዋል።

ስለ ቢስክሌት አመጣጥ

በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ የጀርመን ሰው ሁለት መንኰራኵር ያለው መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። መሣሪያው ፔዳል ስላልነበረው ተቀማጩ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ያስኬደው ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ፔዳል ከፊተኛው መንኰራኵር ጋራ ተያያዘ። በዚህ ዓይነቱ ቢስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩም አንድ ጊዜ ብቻ ይዞር ስለ ነበረ፥ ፈጥኖ እንዲሄድ ሲሉ የፊተኛውን መንኰራኵር እጅግ ትልቅ፥ የኋለኛውን ትንሽ አደረጉት። ነጂው የሚቀመጠውም በትልቁ መንኰራኵር ላይ፥ ከምድር ከፍ ብሎ ነበር።

ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው ሰው እንዲህ ባለው ቢስክሌት በ1884 በካሊፎርኒያ ጠረፍ ካለችው ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ። አሜሪካን አቋርጦ ቦስቶን ደረሰ፤ ከዚያም በመርከብ ተሻግሮ አውሮፓንና እስያን እየዞረ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ወደምትባለው የጃፓን ከተማ ገባ። እንዲህም ያለ ታላቅ ጕዞ የፈጸመው ስቲቨንስ፥ በተራራ ላይ ሲደርስ ቢስክሌቱ እርሱን መሸከሙ ይቀርና እርሱ ቢስክሌቱን እየገፋና እየተሸከመ ያልፍ ነበር። ትልቁ መንኰራኵር ለሜዳ እንጂ ለዐቀበት የሚሆን አልነበረምና።

በ1885 በእንግሊዝ አገር ጆን ኬምፕ ስታርሊ የመንኰራኵሮቹ ቁመት ተቀራራቢ የሆነውን፥ የእግሩም ኀይል በሰንሰለት ወደ ኋለኛው መንኰራኵር የሚተላለፍበትን ቢስክሌት አወጣ። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ አየር የሚሞላበትን ጎማ አስመዘገበ። ዛሬ በየአገሩ የሚታየው ቢስክሌት የነዚህ የሁለቱ ሥራ ልጅ ነው።

ስለ ማርሽ

ሰንሰለቱ በፊት በኩል ከፔዳሉ ጋራ የሚዞረውን ባለ ጥርስ መንኰራኵር፥ በኋላ በኩል ደግሞ ከኋለኛው ጎማ ጋራ የሚዞረውን ትንሽ ባለ ጥርስ መንኰራኵር ያገናኛል። ማርሽ መለወጥ ማለት ሰንሰለቱን ካንዱ ባለ ጥርስ መንኰራኵር ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

የኋለኛው ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከፊት 44 ጥርስ፥ ከኋላ 11 ጥርስ ቢሆን፥ 44 ለ11 ሲካፈል 4 ስለ ሆነ፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 4 ጊዜ ይዞራል፤ ቢስክሌቱም 8 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ይህ ለሜዳና ለቍልቍለት የሚስማማ ነው። ከፊት 22 ጥርስ፥ ከኋላ 33 ጥርስ ቢሆን ግን፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው የሚዞረው የአንድ ዙር ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ቢስክሌቱም 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። ይህ ለዐቀበት የሚስማማ ነው።

8 ሜትር ከ40 ለ1 ሜትር ከ40 ሲካፈል 6 ይሆናል። ስለዚህ በዚያው ዐቀበት ላይ በሁለተኛው ማርሽ የሚወጣ ሰው ፔዳሉን የሚረግጥበት ኀይል በመጀመሪያው ማርሽ ከሚያስፈልገው አንድ ስድስተኛ ያህል ይሆናል፤ ነገር ግን ያንኑ ርቀት ለመሄድ 6 እጥፍ ጊዜ ፔዳሉን ማዞር አለበት። እንግዲህ ማርሽ ሥራን አያስቀርም፤ ከባዱን ሥራ በብዙ ቀላል ሥራ ይከፋፍለዋል እንጂ። አንድ ኵንታል እህል በአንድ ጊዜ መሸከም የማይችል ሰው በትንሽ በትንሹ እየተመላለሰ እንደሚያግዘው ማለት ነው።

በፈረንሳይ አገር ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ፖል ደ ቪቪ ማርሽ መለወጥ ለተራራ ጕዞ እጅግ የሚጠቅም መሆኑን ለብዙ ዘመን ሲጽፍና ሲያስተምር ኖሮ በ1930 ሞተ። በዚያን ጊዜ ግን ብዙዎች ማርሽ የደካማ መሣሪያ ነው ይሉ ነበር። ቱር ደ ፍራንስ የተባለው ታላቁ የቢስክሌት ውድድር እንኳ ማርሽ የሚለውጠውን መሣሪያ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ የፈቀደው በ1937 ነው። ይህም የቢግ ሰር መንገድ የተከፈተበት ዓመት ነው።

ዝቅተኛ ማርሽ መያዝ የሚያሳፍረው ሰው ዛሬም አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን ጕልበቱን ለማሳየት ሲል በሦስተኛው ቀን ጕልበቱን ያመዋል። የጕልበት መገጣጠሚያ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጐዳ በአንድ ሌሊት ዕረፍት አይድንም። ዐዋቂ ተጓዥ ዐቀበቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ በዐቀበቱም ላይ ከጐኑ ካለ ሰው ጋራ መነጋገር እስከሚችል ድረስ ብቻ ይደክማል። መናገር ካቃተው ከልኩ ማለፉን ያውቃል።

ስለ ጭነት

አንድ ነጂ 65 ኪሎ ቢመዝን፥ ቢስክሌቱ 15 ኪሎ፥ ዕቃው 20 ኪሎ ቢሆን፥ ሲደመር 100 ኪሎ ይሆናል። ይህን 100 ኪሎ በየዐቀበቱ ወደ ላይ የሚያነሣው የነጂው እግር ነው። ከዕቃው 10 ኪሎ ቢቀንስ ከዐቀበቱ ሥራ አንድ ዐሥረኛው ይቀርለታል። በሜዳ ላይ የዕቃ ክብደት እምብዛም አይታወቅም፤ በዐቀበት ላይ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ራሱን ያስታውቃል።

ስለዚህ ተጓዡ የሚይዘው የማያስፈልገውን ሁሉ ካስቀረ በኋላ ነው። የማይቀሩት ትንሽ ድንኳን፥ የሌሊት ልብስ፥ የዝናም ካፖርት፥ ትርፍ ከመነዳሪ፥ የጎማ መለጠፊያና ማስቲሽ፥ የአየር መሙያ፥ መፍቻ፥ ትርፍ የፍሬን ጎማ፥ መብራት፥ ውኃና ስንቅ ናቸው። ዕቃው በጀርባ አይታዘልም፤ በመንኰራኵሩ ግራና ቀኝ በከረጢት ተደርጎ፥ እንደ በቅሎ ጭነት እኩል ተመዝኖ ይንጠለጠላል። አንዱ ጐን ቢከብድ ቢስክሌቱ በየመታጠፊያው ወደዚያ ያዘነብላል።

ስለ ነፋስና ስለ ጉም

በካሊፎርኒያ ጠረፍ በበጋ ወራት ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ ተጓዦች አብዛኞቹ ከሰሜን ተነሥተው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፤ ነፋሱ ከበስተኋላ እንዲገፋቸው ነው። ያንኑ መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ዐቀበቱ ሳይጨመር በሜዳውም ላይ ከነፋስ ጋራ ይታገላል። ደግሞም በዚያ አገር ተሽከርካሪ ሁሉ በቀኝ በኩል ስለሚሄድ፥ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ባሕሩን በቀኙ አድርጎ ይሄዳል። ባሕሩን ለማየት ወይም ለማረፍ ሲፈልግ መኪና የሚበዛበትን መንገድ መሻገር አያስፈልገውም። ነገር ግን ገደሉም በዚያው በቀኙ ስለ ሆነ መጠንቀቅ ይገባዋል።

በዚህ ጠረፍ አጠገብ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚፈስ ቀዝቃዛ የባሕር ውኃ አለ። እርጥበት ያለው አየር በዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያልፍ ስለሚበርድ ወደ ጉም ይለወጣል፤ ጉሙም በበጋ ወራት ጧትና ማታ ወደ ምድር ይገባል። ይህ ጉም በሰሜን ካሊፎርኒያ ለሚበቅሉት ሬድውድ ለሚባሉት ታላላቅ ዛፎች በበጋ እንደ ዝናም ያገለግላቸዋል። ከእነዚህ ዛፎች አንዱ ከ115 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ሆኖ ተለክቷል። ለዛፉ በረከት የሆነው ጉም ግን ለቢስክሌት ነጂ አደጋ ነው። መኪና የሚነዳው ሰው ቢስክሌቱን የሚያየው እጅግ ከቀረበ በኋላ ስለሚሆን፥ ነጂው ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ ይለብሳል፥ በፊትና በኋላም መብራት ያበራል። ጉሙ ከጠነከረ ግን ከመንገዱ ወጥቶ እስኪገፍ ድረስ ይቈያል።

ስለ ቍልቍለት

ሰው ዐቀበትን ይፈራል፤ ቍልቍለትን ግን እንደ ዕረፍት ይቈጥረዋል። በተራራማ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ሊፈራ የሚገባው ይልቁን ቍልቍለቱን ነው። ዐቀበት ያደክማል፤ ቍልቍለት ግን ይገድላል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ቢስክሌት በአንዲት ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬኑን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሴኮንድ ቢያልፍ፥ ያን ያህል ርቀት ሳያስበው ይሄዳል። ከዚያም በላይ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬኑ በ10 ሜትር የሚያቆመው ቢስክሌት፥ በ60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 40 ሜትር ያስፈልገዋል። በጠመዝማዛ የገደል መንገድ ላይ 40 ሜትር አስቀድሞ ማየት የማይቻልበት ስፍራ ብዙ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ነጂ መታጠፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ሳይገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የፊቱንና የኋላውን ፍሬን አብሮ በልክ ይይዛል። የፊቱን ብቻ በድንገት ቢይዝ ቢስክሌቱ ተገልብጦ በራሱ ላይ ሊጥለው ይችላል። ፍሬኑ የመንኰራኵሩን ጠርዝ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በረዥም ቍልቍለት ላይ ሳያቋርጥ ቢይዘው ጠርዙ ይግላል፤ ግለቱም ከመነዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ እየያዘና እየለቀቀ ይወርዳል፥ ከጋለም ቆሞ ያቀዘቅዘዋል። ዝናም ሲዘንብ ፍሬን ዘግይቶ እንደሚይዝ አይዘነጋም። ከተራራ የወረደ ጠጠር በመንገዱ ላይ ሊኖር እንደሚችል፥ ከተራራው አፍንጫ ዞሮ ሲወጣም ነፋስ በድንገት ከጐን እንደሚመታው ያስባል። በየጧቱ ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑንና ጎማውን በእጁ ይመረምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በዐቀበት የጠፋውን ጊዜ በቍልቍለት አተርፋለሁ የሚል ሰው ያለውንም ያጣል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ከገደል የወደቀ ሰው ግን አይለቀምም።

የቀን ጕዞን ስለ መወሰን

የቢግ ሰር መንገድ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ሜዳ ቢሆን ብርቱ ሰው ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። ሰውነቱን የሚጠብቅ ተጓዥ ግን ለምሳሌ በሦስት ቀን ሊከፍለው ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ከካርሜል ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ፋይፈር ቢግ ሰር በተባለው የመንግሥት ደን ያድራል። በሁለተኛው ቀን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በባሕሩ አፋፍ ላይ ባለው በከርክ ክሪክ ያድራል። በሦስተኛው ቀን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሳን ሲምየን ይደርሳል። የሦስተኛው ቀን መንገድ የረዘመበት ምክንያት አለው፤ ተራራው በመጨረሻ ከባሕሩ ስለሚርቅ መንገዱ ዝርግ ይሆናል። በዚያም የባሕር ዝሆን የሚባሉት ታላላቅ እንስሳት በአሸዋው ላይ ተኝተው ይታያሉ።

በዚህ መካከል ሱቅ ጥቂት ነው፤ በብዙው ስፍራም ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ስንቅና ውኃ አስቀድሞ መያዝ፥ የሚያድሩበትንም ስፍራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በኦሪጎንና በካሊፎርኒያ ባሉት በብዙዎቹ የመንግሥት ደኖች በእግርና በቢስክሌት ለሚመጡ መንገደኞች በጥቂት ዋጋ የሚያድሩበት ልዩ ስፍራ ተለይቷል።

በኦሪጎን በ1971 በወጣው ሕግ ከመንገድ ገንዘብ ቢያንስ ከመቶ አንድ እጅ ለእግረኛና ለቢስክሌት መንገድ እንዲውል ታዘዘ። በዚያው ግዛት አርች ኬፕ በተባለው ስፍራ መንገዱ በተራራ ውስጥ በተቈፈረ ዋሻ ያልፋል፤ ቢስክሌት ነጂ ከመግባቱ በፊት አንድ ቍልፍ ሲጫን፥ በዋሻው ውስጥ ቢስክሌት መኖሩን ለመኪና ነጂዎች የሚያስታውቅ መብራት ይበራል። ሥራው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ነፍስ ግን ትንሽ አይደለም።

ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው ነገር መቆምን ማወቅ ነው። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ሊገባ ሲል፥ ጉም ከታች ሲነሣ፥ ተጓዡም አንድ ዐቀበት ብቻ ቀረኝ ብሎ ሲያስብ፥ አደጋው ያን ጊዜ ይቀርባል። ሰውነቱ ደክሟል፤ ዓይኑ ፈዝዟል፤ ከዐቀበቱም ወዲያ ያለውን ቍልቍለት በጨለማ መውረድ ሊኖርበት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለፈው መንደር ተመልሶ ማደር ኀፍረት አይደለም። ጐመን በጤና ይባላልና፥ ግማሽ ቀን መዘግየት ሙሉ ጕዞን ከማጣት ይሻላል።

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ፍሬ ይህ ነው፤ ረዥም መንገድ የሚፈጸመው በጕልበት ብዛት ብቻ አይደለም። ከፍታውን አስቀድሞ የለካ፥ ጭነቱን የቀነሰ፥ የነፋሱን አቅጣጫ ያወቀ፥ ማርሹን በጊዜው የለወጠ፥ ፍሬኑንም የመረመረ ሰው መካከለኛ ጕልበት ቢኖረው እንኳ ካሰበበት ይደርሳል። በርቀት ብቻ የለካ ሰው ግን ብርቱም ቢሆን በመንገድ ይቀራል።

ጥያቄዎች

1ኛ/ ባሕሩ የተስተካከለ ሲሆን በቢግ ሰር ያለው የባሕር ዳር መንገድ የሚወጣውና የሚወርደው ስለ ምንድን ነው?

2ኛ/ አንድ ተጓዥ በቀን 8 ዐቀበት ቢወጣና እያንዳንዱ 120 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፥ በ4 ቀን ስንት ሜትር ይወጣል?

3ኛ/ ከፊት 36 ጥርስ፥ ከኋላ 12 ጥርስ ቢሆን፥ የጎማውም ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ቢስክሌቱ ስንት ሜትር ይሄዳል?

4ኛ/ ማርሽ ሥራን አያስቀርም የተባለው ለምንድን ነው?

5ኛ/ እሳት በበላው ተራራ ላይ ናዳ ፈጥኖ የሚመጣው ስለ ምንድን ነው? በመንደራችሁ አጠገብ ዛፍ የተቈረጠበት ኰረብታ ካለ፥ በክረምት ምን እንደሚሆን ተመልክታችሁ ጻፉ።

6ኛ/ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬኑ በ5 ሜትር የሚያቆመው ቢስክሌት፥ በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በስንት ሜትር ይቆማል?

7ኛ/ ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ አስቡ። ዐቀበቱ ስንት ነው? ቍልቍለቱስ? ስትመጡና ስትመለሱ እኩል ጊዜ ይፈጅባችኋልን? ምክንያቱን አስረዱ።